አርባ ሰባት ሚሊ ሰከንድ

ለስድስት ዓመት ከእኔ ጠረጴዛ ትይዩ የተቀመጠችው ሴት ሥራዋ ምን እንደሆነ ለእናቴ ለማስረዳት ስንት ጊዜ ሞከርኩ፤ አንድም ቀን አልተሳካልኝም። «ኮምፒውተር ምን ያህል እንደሚያረፍድ ትለካለች» ስላት፣ «ኮምፒውተርም ያረፍዳል እንዴ? እኔ ሰው ብቻ መስሎኝ!» ብላ ስቃ ታልፈዋለች።

ነገሩ ግን ይኸው ነው። አንድ ፕሮግራም «ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በኋላ ቀስቅሰኝ» ብሎ ይተኛል። ከርነሉ፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ታይመሩን ቆጥሮ ይቀሰቅሰዋል። በትክክል በሰዓቱ ግን አይቀሰቅሰውም፤ ሁልጊዜ ትንሽ ያሳልፋል። የእሷ ሥራ ያቺን ትንሽ መዘግየት በማይክሮ ሰከንድ መለካት ነበር። ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ለቢሮ ኮምፒውተር ይህ ምንም አይደለም። ማሽን ለሚቆጣጠር ኮምፒውተር ግን መዘግየቱ ከታወቀ ልክ አለማለፉ የግድ ነው።

በምንሠራበት የኮምፒውተር ወርክሾፕ ውስጥ «ጅራት» ነበር የምንላት። መለኪያዋ በሚያወጣው ሥዕል ላይ ግራ በኩል ረጅም ክምር አለ፤ ልኬቱ ሁሉ ማለት ይቻላል እዚያ ነው የሚከመረው። ከዚያ ወደ ቀኝ እየቀጠነ የሚሄድ ጅራት አለ። እኛ ክምሩን አይተን «በአማካይ ስድስት ማይክሮ ሰከንድ፣ እሰይ!» ስንል እሷ ታኮርፋለች። «አማካዩን ለራሳችሁ ያዙት። ማሽን እጅ የሚቆርጠው በአማካይ አይደለም። ጅራቱን አሳዩኝ።» በዚሁ ስሙ ወጣላት። ስሙን አልጠላችውም፤ አንዳንዴ ስልክ ስታነሳ እራሷም «አቤት፣ ጅራት ነኝ» ትል ነበር።

ፈሪ ነበረች። ይህን ስል ማማቴ አይደለም፤ ራሷም ትለዋለች። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ከደረሰች በኋላ በሩን መቆለፏን ለማረጋገጥ ወደ ቤቷ የምትመለስበት ቀን ብዙ ነው። መንገድ ስታቋርጥ መኪና ቢኖርም ባይኖርም የሰው ክንድ ትይዛለች። ለዚያ ሥራ ከዚህ የተሻለ ሰው ይገኛል ብዬ አላስብም።

ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ናት። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ ታላቅየዋ አሥራ ዘጠኝ፣ ታናሽየዋ ሰባት ዓመቷ ነበር። ታላቅየዋ ትምህርቷን አቋርጣ የላሜራ ፋብሪካ ገባች፤ ፕሬስ ማሽን ላይ ቆማ የበር ማጠፊያ እየቆረጠች ታናሿን ዩኒቨርሲቲ አደረሰች። «እትዬ» ነው የምትላት። እትዬ በበኩሏ የእህቷ ሥራ ባይገባትም ትኮራበታለች፤ ለጎረቤት «የኔዋ እኮ ኮምፒውተር ታስተኛለች፣ ታስነሳለች» ትላለች አሉ።

ታዲያ ያ ፋብሪካ ወርክሾፓችንን ሥራ አዘዘ። እያንዳንዱ ፕሬስ ፊት ለፊት የብርሃን መጋረጃ አለ። ዓይን የማያየው ጨረር ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ይቆማል፤ የሠራተኛ እጅ ሲያቋርጠው ማሽኑ ፍሬን ይይዛል። ይህን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ አርጅቶ፣ በየሰዓቱ ያለ ምክንያት ማሽን እያቆመ አስቸገረ። እኛ አሮጌውን ነቅለን በምትኩ ትንሽ ኮምፒውተር የያዘ የብረት ሣጥን ገጠምን። ኮምፒውተሩ በየሚሊ ሰከንዱ እየነቃ መጋረጃውን ያያል፤ እጅ ካየ ፍሬኑን ያስይዛል። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መዘግየቱን የለካችው እሷ ናት።

አምስት ቀን ሙሉ ለካች። ሣጥኑን በሥራ አጨናንቃ፣ ኔትወርኩን አጥለቅልቃ፣ ዲስኩን እያስጻፈች ከአራት መቶ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ለካችው። ትልቁ መዘግየት ሠላሳ ስምንት ማይክሮ ሰከንድ ሆነ። በዚያ ተሰልቶ መጋረጃው ከመቁረጫው አሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር ርቆ ተተከለ። አሥራ ስድስቱ ፍሬኑ እስኪይዝ እጅ ለሚሄድበት ነው፤ ሁለቱ ለትርፍ። ወረቀቱ ላይ ፈረመች። ዘጠኝ ፕሬሶች አዲሱን ሣጥን ለበሱ። አራተኛው የእትዬ ነበር።

ሁለት ሳምንት አለፈ። እሷ ግን መለካቷን አልተወችም። መለዋወጫ እንዲሆን የቀረ አንድ ሣጥን ነበረን፤ እሱን ጥግ ላይ አስቀምጣ መለኪያዋን ሰክታለት ትውላለች። «ተፈርሞ አልቆ የለም እንዴ?» ስላት «ዝም ብዬ ነው» አለችኝ።

ማክሰኞ ዕለት ያ ሣጥን ወደ ፋብሪካው ሊላክ ክዳኑ ተገጠመለት። የሚጭነው መኪና እስኪመጣ መስኮቱ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። መለኪያውን ግን አልነቀለችም ነበር። ከምሳ ስንመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ስክሪኑ ፊት ቆማ ቀረች።

«መነጽር፣ ና እስኪ» አለችኝ። እኔን እንደዚያ ነው የሚሉኝ።

ስክሪኑ ላይ «ከፍተኛ» ከሚለው ቃል ፊት 47212 ይላል። ሠላሳ ስምንት በነበረበት ቦታ አርባ ሰባት ሺህ። ሺህ ማይክሮ ሰከንድ አንድ ሚሊ ሰከንድ ነውና፣ ይህ አርባ ሰባት ሚሊ ሰከንድ ነው።

«መለኪያው ተሳስቶ ነው» አልኩ።

«እኔም እንደሱ ብዬ ነበር። ሁለት ጊዜ ነው የመጣው።» ከንፈሯ ደርቆ ነጭ ሆኗል። «ሣጥኑን ንካው።»

ነካሁት፤ እጄን ወዲያው አነሳሁ። እንደ ምጣድ ግሏል። ያን ጊዜ ገባኝ። አምስቱን ቀን ስትለካ ሣጥኑ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ቬንትሌተር እየነፈሰበት፣ ጥላ ውስጥ ነበር። ፋብሪካው ግን በሙቀት የሚንቀለቀል ቤት ነው፤ ሣጥኖቹም ክዳናቸው ተጠርቅሞ ማሽን ጎን ላይ ነው የተሰቀሉት።

ክዳኑን ከፍተን አቀዘቀዝነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አልታየም። መልሰን ዘግተን ፀሐይ ላይ አደረግነው። በሃያኛው ደቂቃ አርባ ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ መጣ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። ጥፋተኛው የኮምፒውተሩን ቦርድ የሠሩት ሰዎች ውስጡ የቀበሩት ትንሽ ፕሮግራም ነበር። ሙቀቱ ልክ ሲያልፍ ሁሉንም ነገር ባለበት አስቁሞ ሙቀት ሲያስተካክል ይቆያል፤ ከርነሉን አይጠይቀውም፣ አይነግረውምም። ራሱን ስቶ እንደነቃ ሰው፣ ከርነሉ ስንት ጊዜ እንዳለፈው ሳያውቅ ሥራውን ይቀጥላል። በዚያች መሐል መጋረጃውን የሚያይ የለም።

ማስመሪያ አነሳችና ከመሐል ጣቷ ጫፍ ጀምራ እጇ ላይ አስተኛችው። «የቸኮለ እጅ በሰከንድ ሁለት ሜትር ይሄዳል። በአርባ ሰባት ሚሊ ሰከንድ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ከምናምን። ሁለቱን ትርፍ ቀንስለት።» አውራ ጣቷ ሰባት ላይ ቆመ። ጣት ሙሉ ነው።

«እጁ ልክ በዚያች ቅጽበት መግባት አለበት እኮ» አልኳት። እሷን ላጽናና ይሁን ራሴን፣ አላውቅም።

«ዘጠኝ ፕሬስ ነው። አንዱ በቀን ሦስት ሺህ፣ አራት ሺህ ጊዜ ይመታል። በየምቱ እጅ ይገባል፣ ይወጣል።» ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ መለሰች። «እትዬ አሁን እዚያ ቆማለች።»

አለቃችን ቢሮ ስንገባ ገና ከበሩ ጀመረች። «ኢንጂነር፣ አሁኑኑ ይደወልና ፕሬሶቹ ይቁሙ።» አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ያንን ወርክሾፕ ከአንድ ጠረጴዛ ተነስቶ ያቆመ ሰው ነው። በጸጥታ ሰማት።

«ስንት ጊዜ አየሽው?»

«አራት።»

«ከስንት?»

«ከአምስት ሚሊዮን ምናምን...»

«እንግዲህ አየሽ» አለ፣ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ። «አንቺ ልጅ፣ በርሽንም በቀን ሦስት ጊዜ ነው የምትቆልፊው። ነገ ቀኑን ሙሉ ደጋግመሽ ለኪና በወረቀት አምጪልኝ። ዛሬ ተነስቼ ዘጠኝ ማሽን አቁሙ ብል ምን ብለው ይሰሙኛል?» ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ ምን ትላለህ? ፕሮግራሙ ያንተ ነው።»

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። እውነቱን እያወቅኩ፣ «ትንሽ ብናረጋግጥ... አይከፋም» አልኩ።

አየችኝ። ላፕቶፗንና ገመዷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች።

ደረጃው ላይ ሮጬ ደረስኩባት። ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትወርዳለች፤ የእትዬ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። በሥራ ሰዓት የሠራተኛ ስልክ በር ላይ እንደሚቆለፍ ታውቃለች። ቢሆንም ትደውላለች። «አብሬሽ ልሂድ» አልኳት፤ «ና» አላለችም፣ «ቅር» አላለችም። ታክሲ ያዝን። መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። አንድ ቦታ ላይ አምቡላንስ እየጮኸ ከኋላችን መጣና አልፎን ወደ ፋብሪካው መንገድ ታጠፈ። ያን ጊዜ የታክሲውን በር እጀታ ያዘች፤ ልትወርድና በእግሯ ልትሮጥ ነበር። መስቀለኛው ጋ ስንደርስ አምቡላንሱ ወደ ሌላ ሰፈር ሲወርድ አየነው። «አይደለም» አልኳት። «አውቃለሁ» አለች፤ እጀታውን ግን እስከምንደርስ አልለቀቀችም።

የፋብሪካው ፎርማን ትልቅ ሰው ናቸው፤ እትዬንም ታናሿንም ያውቋቸዋል። በመስታወት ወደተከለለችው ቢሮአቸው አስገቡን። በመስታወቱ ውስጥ አዳራሹ ሙሉ ይታያል። አራተኛው ፕሬስ ላይ እትዬ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች፦ ላሜራ ታስገባለች፣ እጇን ትስባለች፣ ፔዳሉን ትረግጣለች፣ ዱም። እንደገና። ወለሉ ከእግራችን ሥር ይርገበገባል። ጅራት ለፎርማኑ እየነገረቻቸው ዓይኗ ከዚያ አልተነቀለም፤ «ዱም» ባለ ቁጥር ትከሻዋ ይሰበሰባል።

«ደብዳቤ ይዛችኋል?» አሉ ፎርማኑ።

«ጋሼ፣ ደብዳቤው ነገ ይመጣል። አሁን ብቻ ያቁሙልኝ። አንድ ሰዓት። ግማሽ ሰዓት።»

«ልጄ፣ እኔ በሰው ወሬ ማሽን ማቆም አልችልም። አለቃሽ ይንገረኝ።» ደወሉ። አለቃችን የሚናገረው አይሰማኝም፤ የፎርማኑ ፊት ግን እየተፈታ ሲሄድ አየሁ። ስልኩን ዘጉ። «ነገ ይጣራል አለ። እህትሽን ሰላም ብለሽ ሂጂ በቃ። ደንግጠሻል፣ ውሃ ጠጪ።»

ተነሳች። ወደ እህቷ የምትሄድ መስሎን ዝም አልናት። አዳራሹ መሐል ምሰሶ ላይ እንደ ሳህን የሰፋ ቀይ ቁልፍ አለ፤ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ። ምሰሶው ጋ ስትደርስ ቆመች። እጇን አነሳች፣ መለሰች፤ ዙሪያዋን አየች። ከዚያ በሁለት መዳፏ ገፋችው።

ፕሬሶቹ አንድ በአንድ አጓርተው ቆሙ። መቶ ያህል ሰው ዞሮ አያት።

«ማነው?» የሚል ድምፅ ከወዲያ መጣ።

«እኔ ነኝ» አለች። ድምጿ ቀጭን ነበር፤ ከእኔ አልፎ የተሰማ አይመስለኝም።

ፎርማኑ እየሮጡ ደርሰው ክንዷን ያዟት። «ሴትዮ፣ አብደሻል? እኔን ምን ልታስብዪኝ ነው?» እትዬም መጣች፤ በቱታዋ ላይ የላሜራ ብናኝ ያብለጨልጫል። «አንቺ! ምን ሆነሻል? ሰው ሞተብን?»

«እትዬ፣ እጅሽን አሳዪኝ።»

እትዬ ግራ ገብቷት ጓንቷን አውልቃ ሁለት እጇን ዘረጋች። ታናሿ ይዛ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካካች፤ አሥር ናቸው። ከዚያ ምሰሶውን ተደግፋ ቆመች።

«ሣጥኑን እንክፈተው» አልኩ እኔ። ቢያንስ ይህን አልኩ። «የአራተኛውን። ማሽኑ ሳይመታ፣ ኮምፒውተሩ ብቻ እየሠራ እንለካዋለን። ሃያ ደቂቃ ስጡን። ምንም ካልታየ እኔ ራሴ አብሬያት ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ።»

ፎርማኑ ሰዓታቸውን አዩ። ሠራተኛው ተሰብስቦ ከቦናል። ክዳኑን ከፈትኩ፤ ትኩስ አየር ፊቴን መታኝ። ላፕቶፑን ሰካች፤ ቁጥሮቹ መውረድ ጀመሩ፦ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ፣ ስምንት፣ አሥራ አራት። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ሠላሳ አንድ ደረሰ፣ እዚያው ቆመ። ከኋላ አንዱ «ለዚህ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እሷ ስክሪኑን ትታ ሣጥኑን አየችው።

«ክዳኑ!» አለች። «እየቀዘቀዘ ነው። ዝጋው!»

ገመዱን በጠርዙ አሳልፌ ክዳኑን ዘጋሁት። ፎርማኑ «አሥር ደቂቃ ቀርቷችኋል» አሉ። እኔ በሆዴ ይምጣ እያልኩ እለምን ነበር፤ ወዲያው ደግሞ ምን እንዲመጣ እየለመንኩ እንደሆነ ገባኝ።

አሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ቁጥሩ ዘለለ። 51380።

ፎርማኑ ምን እንደሆነ አልገባቸውም። «ጋሼ፣ እጅዎን ይስጡኝ» አለቻቸው። ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ በአራቱ ጣቶቻቸው ሥር መስመር አሰመረች። «ማሽኑ እጅዎን ሳያይ በሚያልፍባት ጊዜ እጅዎ መቁረጫው ውስጥ የሚገባው ይህን ያህል ነው። እስከዚህ።»

ፎርማኑ መዳፋቸውን ይዘው ቀሩ። ለማንም ሳይሆን፣ «ዘጠኝ ማሽን» አሉ።

እትዬ የተገለበጠ የእንጨት ሣጥን ላይ ተቀምጣ ነበር። «ባለፈው ሐሙስ» አለች።

ዞርን። ከቱታዋ የውስጥ ኪስ አንድ አሮጌ ጓንት አወጣች። የሌባ ጣቱ ጫፍ በምላጭ እንደተቆረጠ ጥርት ብሎ የለም።

«ጓንቱን ብቻ ነው ያገኘው። ላሜራው ተጣሞብኝ ላቃናው እጄን መለስኩ፤ መቆም ነበረበት፣ አልቆመም። ጣቴን ሰበሰብኩ፣ በቃ።»

«ለምን አልተናገርሽም?» ታናሿ ጮኸች። በስድስት ዓመት ስትጮህ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ለማን ልናገር? ሣጥኑ የናንተ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል። ሥራሽን ያሳጡሻል ብዬ ፈራሁ።» እትዬ ጓንቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አለሰለሰችው። «ደሞም እኔው ፈዝዤ ነው አልኩ። አንቺ የለካሽው ይሳሳታል ብዬ እንዴት ላስብ?»

ታናሿ እየተደናቀፈች ወደ ውጭ ወጣች፤ ስከተላት ግድግዳውን ይዛ ታስመልሳለች።

አለቃችን በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣ። ሊቆጣ እንደመጣ ፊቱ ይናገራል። ፎርማኑ ጓንቱን አስጨበጡት፤ አገላብጦ አየውና እዚያው ላሜራ ክምር ላይ ቁጭ አለ። ፕሬሶቹ ለአራት ቀን ቆሙ። በእነዚያ ቀናት እሱ ራሱ እጅጌውን ሰብስቦ፣ መጋረጃው ያለ ምንም ኮምፒውተር በቀጥታ ፍሬኑን እንዲያስይዝ ሽቦ ሲዘረጋ አየሁት። የእኛ ሣጥን የተቆረጠውን ማጠፊያ ከመቁጠር ሌላ ሥራ አልተተወለትም። ጅራትን አላባረራትም፤ ወር ያህል ግን ዓይኗን ማየት አልቻለም። እኔም ይቅርታ ልጠይቃት ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ስነግራት፣ «ፈርተህ ነው» አለችኝ። «እኔም ፈርቼ ነው የሄድኩት። አትልፋ።»

ከዚያ በኋላ ወረቀት መፈረም አቃታት። ለብዙ ጊዜ ልኬቷን እሷ ትሠራለች፣ ሌላ ሰው ይፈርማል።

ፕሬሶቹ እንደገና የተነሱበትን ቀን ግን አልረሳውም። ሁለታችንም ሄድን። ፎርማኑ ወንበር አመጡላት፤ አልተቀመጠችም። እትዬ አዲስ ጓንት አጥልቃ አራተኛው ፊት ቆመች፣ የመጀመሪያውን ላሜራ አስገባች፣ ወዲያው ዞር አለች። «ሂጂ ከዚህ» አለቻት። «አንቺ እንዲህ እያየሽኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

ወጣች። ወደ ቤት ግን አልሄደችም። የጥበቃው ጎጆ ውስጥ ገብታ፣ ግድግዳውን አልፎ የሚመጣውን ድምፅ እያዳመጠች ቁጭ አለች። ዱም፣ ዱም ሲል ደህና ነው። ድምፁ ሲቋረጥ ብድግ ትላለች። «ላሜራ እየቀየሩ ነው እህቴ፣ ተቀመጪ» ይሏታል ጥበቃው። ትቀመጣለች። እንደገና ሲቋረጥ እንደገና ትነሳለች። ስምንት ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ዋለች።

ፈረቃው ሲያልቅ እትዬ ከሠራተኛው ጋር እየተሳሳቀች ወጣች፤ ታናሿን ስታይ ግን ሳቋ ቆመ። «እስካሁን እዚህ ነሽ?» ብላ የራሷን ቦርሳ አቀበለቻትና፣ ባዶ በቀረው እጇ የታናሿን እጅ ይዛ መንገዱን አሻገረቻት።